ካሜራ ተረኛ አይሆንም፦ ለእንስሳት ሆስፒታላችን ቦርድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ ለውሾችና ድመቶች ሆስፒታላችን የቦርድ አባላትና ለሥራ አስኪያጁ

ጉዳዩ፦ የሌሊት ተረኛ እንዲቀርና የማግለያ ክፍሉ እንዲዘጋ የተላለፈውን ውሳኔ ይመለከታል

የተከበራችሁ የቦርድ አባላት፣ የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምንጽፈው በውስጥ ጽፈን መልስ ስላጣን ነው። ማስታወሻ አስገባን፤ «ይታያል» ተባልን። ስብሰባ ጠየቅን፤ «ከምረቃው በኋላ» ተባልን። ምረቃው አልፏል። ሪባኑም ተቆርጧል። እኛ ግን እስከ አሁን የጠራን የለም።

በምረቃው ዕለት የታደለውን፣ የሆስፒታሉን ታሪክና ዕድገት የሚተርከውን መጽሔት ሁላችንም አንብበነዋል። በአንድ ክፍልና በአንድ የምርመራ ጠረጴዛ የተጀመረው ቤት እንዴት ኤክስሬይ እንዳስገባ ይናገራል። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል፣ ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ከዚያ አልትራሳውንድ፣ በመጨረሻም ባለ ፎቁ ሕንፃ። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ያው መጽሔት በታደለበት ሳምንት ግን ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ሌላ ወረቀት ተለጠፈ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ የሌሊት ተረኛ ይቀራል ይላል። ተኝተው የሚታከሙ እንስሳት በካሜራ ክትትል ይደረግላቸዋል ይላል። ተላላፊ በሽታ ያለባቸው እንስሳት ለብቻ የሚቀመጡበት ነባሩ የማግለያ ክፍልም ለመኖና ለዕቃ መሸጫ ይውላል ይላል። ከፊርማና ከማኅተም በቀር ሌላ ማብራሪያ የለውም።

መጽሔቱ የተሟላ ታሪክ ነው እንዳይባል የዘለለው ብዙ ነው። የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በ1761 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም ያሳሰበው ከብቱ ነበር፤ የከብት ወረርሽኝ አገሩን ይጨርስ ነበርና። በ1791 የተከፈተው የለንደኑ ትምህርት ቤትም ዋና ሥራው ፈረስ ነበር። ውሻና ድመት የሙያው ዋና ጉዳይ አልነበሩም። መኪና ፈረስን ከመንገድ ሲያስወጣው ነው ሙያው ፊቱን ወደ እነሱ ያዞረው። በ1915 በአሜሪካ ቦስተን ትልቅ የእንስሳት ሆስፒታል ተከፈተ። በ1917 ማሪያ ዲኪን የተባለች ሴት በለንደን ምሥራቃዊ ክፍል፣ ምድር ቤት ውስጥ፣ የድሆችን እንስሳት በነፃ ማከም ጀመረች። በ1933 ደግሞ የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር ተመሠረተ፤ አንድ የእንስሳት ሆስፒታል ምን ምን ሊያሟላ እንደሚገባ መመዘኛ አወጣ። የዲኪን ምድር ቤት ኤክስሬይ አልነበረውም። በሽተኛውን የሚቀበል ሰው ግን ነበረው።

የእኛም ቤት ቢሆን ስሙ የተለወጠው ፎቅ ስለሠራ አይደለም። የሚያድር በሽተኛ መቀበል የጀመርን ዕለት ነው ደንበኛው «ሆስፒታል» ብሎ የጠራን። ያን ጊዜ ቤቱ ጠባብ ነበር፤ ፓምፕ እንኳ አልነበረንም፤ የግሉኮሱን ጠብታ በሰዓት እየቆጠርን ነበር የምናስገባው። ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚነቃ ሰው ነበር። አሁን ፓምፑ አለ፤ ሰውየው ሊቀር ነው።

ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያውና ትልቁ ሌሊቱ ነው። «ሌሊት እንስሳቱ ይተኛሉ፣ ተረኛውም ይተኛል፣ ታዲያ ለምን ይከፈለዋል?» የሚል ቃል ከአስተዳደር በኩል ሰምተናል። ማን እንዳለው አንጠይቅም። ሌሊት ምን እንደሚሠራ ግን እንንገራችሁ።

ሽንቱ የታገደ ወንድ ድመት እንውሰድ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ ነው፤ በትንሽ ደቃቅ ጠጠር ወይም በንፍጥ መሰል ነገር ይደፈናል። ባለቤቱ «ሆድ ድርቀት ይዞት ያምጣል» ብሎ ያመጣዋል። ሆዱን ስትነኩት ፊኛው ተወጥሮ ጠንክሯል። ሽንቱ ካልወጣ ፖታሲየም ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ፖታሲየሙ ደግሞ ልብ ያቆማል። ከአንድና ሁለት ቀን በላይ አይታገስም። ካቴተር (የሽንት ማስወጫ ቱቦ) ገብቶለት ሽንቱ ሲለቀቅ ባለቤቱ እፎይ ይላል። የእኛ ሥራ ግን ያኔ ነው የሚጀምረው። እገዳው ሲነሣ ኩላሊቱ ውሃ እንደ ጉድ መልቀቅ ሊጀምር ይችላል። በግሉኮስ የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ድመቱ ይደርቃል። ስለዚህ በየጥቂት ሰዓቱ የሽንት ከረጢቱ ይለካል፣ ይጻፋል፣ የፓምፑ ፍጥነት ይስተካከላል። ይህ ሥራ ቀንና ሌሊት አይመርጥም።

በቅርቡ እንዲህ ያለ አንድ ቀይ ድመት ተኝቶልን ነበር። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተረኛዋ ከረጢቱን ስታይ ልኬቱ ከቀደመው አልተነቃነቀም። ድመቱ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። በፎጣው ሥር እጇን ሰደድ አድርጋ ቱቦውን ስትከተለው ከኋላ እግሩ ሥር ታጥፎ አገኘችው። አቃናችው፤ ሽንቱ ፈሰሰ። በቃ፣ ያለቀው እዚያው ነው። በካሜራ ቢሆን ኖሮ የሚታየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጸጥ ብሎ የተኛ ድመት። ድመት ደግሞ ሕመሙን በመደበቅ የታወቀ ፍጡር ነው፤ ሲብስበት አይጮህም፤ ጥግ ይይዛል።

ሌሊት ሰው ሳይኖር «ለሙከራ» በካሜራ ብቻ በተሠራበት ሳምንት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በተቅማጥ የደረቀ ቡችላ ግሉኮስ እየገባለት አድሮ ነበር። ሌሊት ላይ መስመሩን አኘከው። ፓምፑ መጮህ ጀመረ። ካሜራው ድምፅ አያስተላልፍም። ምስሉን ይከታተላል የተባለው ሰው ቤቱ ሆኖ በስልኩ ነው የሚያየው፤ ስልክ ደግሞ ባትሪው ያልቃል፣ ኔትወርኩ ይጠፋል፣ የስልኩ ባለቤትም ሰው ነውና ይተኛል። ጠዋት በሩን የከፈተው ባልደረባችን የሰማው መጀመሪያ የፓምፑን ጩኸት ነው። ቡችላው ወደ ውስጥ ተሰርጉደው በገቡ ዓይኖቹ፣ በደምና በፈሳሽ በራሰ ፎጣ ላይ ተኝቶ ነበር። ተርፏል። የቡችላው ባለቤት ግን ለምን ተጨማሪ ቀናት መተኛት እንዳስፈለገው አልተነገራቸውም። ሒሳቡን ግን ከፍለዋል።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ያለው ሰዓትም እንዲሁ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው ቢላዋውን ነው። በብሪታኒያ ከ2002 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. የተካሄደ፣ ከ100 በላይ የእንስሳት ሕክምና ተቋማት የተሳተፉበት ሰፊ ጥናት ያሳየው ግን ሌላ ነው። ከማደንዘዣ ጋር በተያያዘ የሚሞተው ከ10 ሺህ ውሾች 17 ያህል፣ ከ10 ሺህ ድመቶች 24 ያህል ነበር። ከሞቱት ድመቶች ከግማሽ በላዩ፣ ከውሾቹም ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው የሞቱት ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ሞት በብዛት የደረሰው ደግሞ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ነው። እኛ ጋ ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የሚገባ ቀዶ ሕክምና እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እነዚያ 3 ሰዓታት ታዲያ የት ይወድቃሉ? ፓግና ቡልዶግን የመሰሉ አፍንጫቸው ድፍጥጥ ያለ ውሾች ሲሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የመተንፈሻ ቱቦው ከወጣ በኋላ ጉሮሯቸው በገዛ ሥጋው ሊዘጋ ይችላል። የሚያንኮራፋ ውሻና የሚታፈን ውሻ በስክሪን ላይ አንድ ይመስላሉ። ልዩነቱን የሚያውቀው የድዱን ቀለም ገልጦ የሚያይ ሰው ነው።

ሁለተኛው የማግለያ ክፍሉ ነው። ክፍሉ ጠባብ መሆኑን፣ ብዙ ቀንም ባዶ መዋሉን አንክድም። ባዶ መዋሉ ጥሩ ዜና ነበር እኮ! ለመሸጫ የተመረጠውም በሩ ለመንገዱ ቅርብ ስለሆነ ነው። ለማግለያነት ያኔ የተመረጠውም በዚያው ምክንያት ነበር፤ በሽተኛው በመጠበቂያ ክፍሉ ሳያልፍ በቀጥታ እንዲገባ ታስቦ።

ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ በ1978 እ.ኤ.አ. ተለይቶ ታወቀ፤ በሁለት ዓመት ገደማ ዓለምን አዳረሰ። አልኮል አይገድለውም። እጅ ላይ የምትቀቡት ሳኒታይዘርም አይበቃውም። ወለል ላይ፣ ጫማ ሶል ላይ፣ ኬጅ ስንጥቅ ውስጥ ለወራት ይቆያል። የሚገድለው መጀመሪያ ቆሻሻው ታጥቦ፣ ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ቢያንስ 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ነው። ይህን በኮሪደር ላይ፣ ደንበኛ እየተመላለሰ እንዴት እንደምንሠራው የሚያሳየን ካለ ለመማር ዝግጁ ነን።

ክፍሉ ዕቃ መደርደሪያ ከገባበት ወዲህ የሚያስመልስና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያለው ቡችላ ሲመጣ የምናስቀምጠው ከክትባት ክፍሉ ፊት ለፊት ባለው ጥግ ነው። ከክትባት ክፍሉ ፊት! እዚያ የሚቀመጡት እነማን ናቸው? ገና ክትባታቸውን ያልጨረሱ ቡችላዎች። የቡችላ ክትባት በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ዕድሜው የሚደጋገመው፣ ከእናቱ ወተት ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈው ነው። አንድ ጊዜ ተወጋ ማለት ተከላከለ ማለት አይደለም። አንዲት ደንበኛችን ቡችላዋን ለሁለተኛ ክትባት ይዛ መጥታ፣ በሳምንቱ በፓርቮ ታሞ ይዛው ተመለሰች። እኛ ጋ ነው የያዘው ብለን አንምልም፤ ሌላም ቦታ ሊይዘው ይችላል። እሷ ግን «ከዚህ ሌላ የትም አልወጣም» ስትለን መልስ አልነበረንም።

የመጠበቂያ ክፍሉን ጉዳይ ባጭሩ እናልፈዋለን። አዲሱ ሕንፃ ሲነደፍ ድመቶችና ውሾች ለየብቻ ይጠብቁ ብለን ነበር። ሶፋ ገባ። ክፍሉ ግን አንድ ሆነ። የፈራ ድመት የደም ስኳሩ ይወጣል፣ የልብ ምቱ ይጨምራል፤ ስኳር በሽታ የሌለበት ድመት ስኳር ያለበት መስሎ ይታያል። የምንለካው ከዚያ ሁሉ ጩኸት በኋላ ነው። አንድ መጋረጃና ድመቱ ያለበትን ሳጥን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ መደርደሪያ ቢኖር ግማሹ ይቃለል ነበር። ሶፋውን መልሱልን አላልንም።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ ራሳችን ነው፤ እስካሁን ስለ እንስሳቱ ነው ያወራነው። በቅርቡ የተቀጠሩት ረዳቶች የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሳይወስዱ ውሻ እየያዙ ነው። «በጀት ሲለቀቅ» ተብለዋል። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቀላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው ይገድላል ተብሎ ይገመታል፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚያዙት ከውሻ ነው። ከሰው ሁሉ ቀድሞ መከተብ ያለበት በእጁ የውሻ አፍ የሚከፍት ሰው ነው። በቅርቡ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ መጣ። ባለቤቱ «አጥንት ሳይወጋው አይቀርም» አሉ። ያልተከተበው ልጅ ጓንት አጥልቆ አፉን ሊከፍት እጁን ሲሰነዝር ነባሯ ባልደረባው ጎትታ አስቆመችው። አጥንቱ እውነትም ነበር፤ ወጣለት፤ ዳነ። ልጁ ግን ያን ቀን ምሳውን አልበላም። በጀት የሚለቀቀው ምን ሲሆን ነው?

የኤክስሬይ መከላከያ ሽርጡም ተሰነጣጥቋል። ጨረሩን የሚያግደው በውስጡ ያለው የእርሳስ ብረት ነው፤ ሲሰነጠቅ ጨረር ያሳልፋል። ሽርጡ ሲታጠፍ ነው የሚሰነጠቀው፤ የሚሰቀልበት መስቀያ ከጠየቅን ቆይተናል። ስለ መስቀያ በግልጽ ደብዳቤ መጻፋችን ለራሳችንም ያስቃል።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ። ባለቤቶች እንስሳቸውን ሲያስተኙ የሚፈርሙት ቅጽ አሁንም «24 ሰዓት የባለሙያ ክትትል» ይላል። የሌሊት ተረኛ እንዲቀር ስትወስኑ ቅጹን አልነካችሁትም። ስንጠይቅ «ካሜራም ክትትል ነው» ተባልን። እኛ ይህን ቅጽ ለሰው አቅርበን «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ልንል አንችልም። ውሻውን ለዓመታት ያሳደገ ሰው፣ ልጆቹ ቤት ሆነው የሚጠብቁት ሰው፣ ማታ በሩ ተቆልፎ መብራት እንደሚጠፋ ቢያውቅ ምን ይወስን ነበር? ምናልባት ይዞት ይሄድ ነበር። ምናልባት ይተወው ነበር። ምርጫው ግን የእሱ ነው፤ ሳይነገረው ልንመርጥለት አንችልም።

ወጪውን እናውቃለን። ሌሊት ገቢ የለውም፤ ደመወዝ ግን አለው። በዓለም ዙሪያ ሌሊት ሠራተኛ የሌላቸው አነስተኛ የእንስሳት ክሊኒኮች ሞልተዋል፤ ጥሩ ሥራም ይሠራሉ። ልዩነቱ አቅማቸውን አውቀው መሥራታቸው ነው። ከባድ ቀዶ ሕክምና ጠዋት ይሠራሉ፤ ውሻው ሰው ባለበት ሰዓት ይነቃል። ማደር ያለበትን ተረኛ ወዳለበት ይልካሉ። ለባለቤቱም ይነግራሉ። በብሪታኒያ የእንስሳት ሐኪሞች የሙያ ደንብ ለድንገተኛ ሕመም የ24 ሰዓት የመጀመሪያ እርዳታና የሕመም ማስታገሻ የሚገኝበትን መንገድ ማመቻቸት ግዴታ ያደርጋል፤ ሁሉም ራሱ ያድር ማለት ግን አይደለም፤ ከሌሎች ጋር ተስማምቶ ማዞር ይቻላል። ስለዚህ የእኛ ጥያቄ «ወይ ሰው አስቀምጡ፣ ወይ አታስተኙ» ነው። የሚያድር በሽተኛ ተቀብሎ፣ የሚያድርበትን አስከፍሎ፣ ሰው አለማስቀመጥ ግን የለም።

በዚህ መሠረት የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ውሳኔው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ይታገድልን፤ ቢያንስ አንድ የእንስሳት ሐኪምና አንድ ረዳት በየሌሊቱ በሕንፃው ውስጥ ይደሩ። ይህ በአቅም ማነስ አይቻልም ከተባለ ሆስፒታሉ እንስሳ ማስተኛት ያቁምና ሌሊት ተረኛ ካለው ተቋም ጋር የዝውውር ስምምነት ይፈራረም፤ ማደንዘዣ የሚፈልግ ቀጠሮ ሁሉም ጠዋት ይሁን። የማስተኛ ቅጹ ዛሬውኑ ይስተካከል፤ ይህ ገንዘብ አይፈልግም። ማግለያ ክፍሉ ይመለስ። መሸጫው ፎቅ ላይ ይውጣ፤ መኖ የሚገዛ ደንበኛ ደረጃ ቢወጣ ምንም አይሆንም። ያልተከተቡት ረዳቶች እስኪከተቡ ድረስ ውሻና ድመት እንዳይዙ በጽሑፍ ይታዘዝ፤ ክትባቱም በሆስፒታሉ ወጪ ይሰጥ። የኤክስሬይ ሽርጦቹ ይቀየሩ። ለሙከራ በተባለው ሳምንት አድረው የታከሙ እንስሳት ባለቤቶች ሌሊቱን ሰው እንዳልነበረ ይነገራቸው፤ የቡችላው ባለቤት የከፈሉት ተጨማሪ ሒሳብም ይመለስላቸው።

በዚህ ጉዳይ ከቦርዱ ጋር ለመነጋገር ሦስት ተወካዮች መርጠናል። ሌሊት ብትመጡ ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል፤ ሥራውን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። ውሳኔው ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከመድረሱ በፊት መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የሆስፒታሉ የሌሊት ተረኛ የእንስሳት ሐኪሞችና ረዳቶች

ግልባጭ፦
ለቀን ተረኛ ባልደረቦቻችን
እንስሶቻቸውን ለእኛ አደራ ለሰጡ ደንበኞቻችን በሙሉ